ስለ ወገብ ሕማምና ስለ ሸክሙ ባለቤት

ከደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት በታሪክ መጻሕፍታችን ስሟ የሚነሣው ስለ ብረትና ስለ እሳት ነው፤ ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላካቸውን የክሪሾና ሚሲዮናውያን በዚያ ስፍራ አስፍረው፥ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን ሰዎች መድፍ አቅላጮች ያደረጓቸው፥ ሴባስቶፖል የተባለውም ታላቅ መድፍ የተሠራው በጋፋት ነውና። ስለ መድፉ ብዙ ተነግሯል፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል መሆኑን የትምህርት ቤት ልጅ እንኳ ያውቀዋል፥ ምስሉም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል። ገመዱን ስለ ጎተተው ወገብ ግን ሲነገር የሰማሁት እጅግ ጥቂት ነው። ነገሩ የታሪክ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ለታሪክ ጸሐፊዎች በተውኩት ነበር፤ ነገር ግን ሥጋ ሲታመም ነፍስ ከማን ጋራ ልትከራከር ይገባታል፥ ሸክምን መታገሥስ ጽድቅ የሚሆነው መቼ ነው የሚለው የሃይማኖት ጥያቄ ከዚያ ገመድ ጋራ ታስሮ ስላለ፥ ጥቂት ልቈይበት እወዳለሁ።

በ1860 ዓመተ ምሕረት፥ በመስከረም ወር መጨረሻ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ በጨጨሆ ወደ ዋድላ ወጥተው፥ የጅዳን ገደል ወርደውና ወጥተው፥ ደላንታን አቋርጠው፥ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ እስኪገቡ ድረስ ስድስት ወር የሚያህል ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ጓዝ የሌለው መንገደኛ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው ጉዞ ይህን ያህል መርዘሙ፥ መድፎቹ በሠረገላ ላይ ሆነው በሰው ጉልበት በመጎተታቸውና መንገዱም ከፊታቸው እየተቈፈረ፥ ድንጋዩ እየተፈነቀለ በመሠራቱ ነው። ዳገት በሆነ ጊዜ በመቶ የሚቈጠር ሰው ገመዱን በትከሻው አሳልፎ፥ ግንባሩ ወደ መሬት እስኪቀርብ ድረስ ወደ ፊት ይዘነበላል፤ ቁልቁለት በሆነ ጊዜ ደግሞ ያው ሰው ወደ ኋላ ዞሮ፥ ተረከዙን በአፈሩ ውስጥ ተክሎ፥ ሠረገላው እንዳያመልጥ በጀርባው ተንጋሎ ይይዛል። ላየው ሰው የሚደክመው ክንድና ትከሻ ይመስላል፤ የኃይሉ ሁሉ ማረፊያ ግን ከእምብርት በስተኋላ ያለው የታችኛው አከርካሪ፥ እሱም ከዳሌ አጥንት ጋራ የሚጋጠምበት ስፍራ ነው።

የሥነ አካል ሊቃውንት እንደሚያስተምሩን፥ ወገብን የሚይዙት አከርካሪዎች 5 ናቸው፤ በያንዳንዱም መካከል ዙሪያው ጠንካራ፥ ውስጡ ግን ልስልስ የሆነ፥ ዛሬ የከተማውም የገጠሩም ሰው ዲስክ እያለ የሚጠራው ነገር ገብቶበታል። ሰው ጎንበስ ብሎ፥ ይልቁንም ጎንበስ ባለበት ወደ ጎን ተጠማዝዞ ከባድ ነገር ሲያነሣ፥ ይህም ለብዙ ዓመት ሲደጋገም፥ የዲስኩ ዙሪያ ሊሰነጠቅና ውስጡ ወደ ኋላ ገፍቶ የነርቩን ሥር ሊጫነው ይችላል። ከዚያ የሚነሣውም ነርቭ ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ የሚወፍረውና የሚረዝመው፥ በመቀመጫና በጭን ኋላ አልፎ እስከ እግር ድረስ የሚወርደው ነው፤ በዚህ ምክንያት ሕመምተኛው ዳሌዬን፥ ባቴን፥ ተረከዜን እያለ እየተዘዋወረ ሲያሳይ፥ የነገሩ መነሻ እጁ ከማይደርስበት ከወገቡ ላይ ሆኖ ይገኛል። የዳሌው መገጣጠሚያ ራሱ ሲታመም ግን ስሜቱ ብዙውን ጊዜ በብሽሽት በኩል ነው የሚመጣው። ከዚህ ሁሉ ጋራ፥ አብዛኛው የወገብ ሕመም ይህ ነው የሚባል ምክንያት ሳይገኝለት በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚለቅ መሆኑን፥ ብዙ ቀን ተኝቶ መሰንበትም ከመጥቀሙ መጉዳቱ ስለሚበዛ የቀድሞው «አትነቃነቅ» የሚለው ምክር መቅረቱን ሐኪሞች ይናገራሉ።

በዚህ አገር ወገቡን የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ከመድረሱ በፊት ሁለት መላሾች ያገኙታል። አንደኛው፥ «ሥራ ነው፥ ሲያርፍ ይተውሃል» ይለዋል፥ ማረፍ የሚቻል ይመስል። ሁለተኛው ፊቱን ኮስተር አድርጎ፥ «እስቲ ነፍስህን መርምር» ይለዋል። ይህ ሁለተኛው መላሽ ምስክር አያጣም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከዐቢይ ጾም እሑዶች አራተኛውን በስሙ የጠራችለት፥ በመጠመቂያው አጠገብ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው መጻጉዕ ከተፈወሰ በኋላ ጌታ በመቅደስ ሲያገኘው፥ የባሰ እንዳይደርስበት ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠንቅቆታልና። ነገር ግን ያው ወንጌላዊ ዮሐንስ ከአራት ምዕራፍ በኋላ፥ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ የበደለው ማን ነው ብለው ሲጠይቁ፥ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ተብሎ እንደ ተመለሰላቸው ጽፏል። ሁለቱን ቃል አንድ እጅ ከጻፋቸው ዘንድ፥ አንዱን ብቻ አንሥቶ በታመመ ሰው ሁሉ ራስ ላይ እንደ ፍርድ ማንበብ የመጽሐፉን ግማሽ መቅደድ ይሆናል። የመምህራንን ትውፊት ብንከተል ደግሞ፥ ይህ መጻጉዕ ኋላ ጌታን በሕማማቱ ዕለት በጥፊ የመታው ሰው ነው ይባላል፤ 38 ዓመት መታመሙ ቅዱስ አላደረገውም፥ መፈወሱም አመስጋኝ አላደረገውም። ሕማም ለሰው የጠባይ ምስክር ወረቀት እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ለወገብ ሕመምተኛ ከመጻጉዕ ይልቅ የምትቀርበው ግን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 13 የተጻፈችው፥ 18 ዓመት ጎብጣ ፈጽሞ ልትቀና ያልቻለችው ሴት ናት። ስለ ደዌዋ ዓይነት ሐኪሞች ሲገምቱ፥ አንዳንዱ አከርካሪ እርስ በርሱ እየተጣበቀ የሚደርቅበት በሽታ ነው ይላል፥ ሌላው ደግሞ እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት በ1779 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የገለጸው፥ በአገራችንም እስከ ዛሬ ድረስ የሚገኘው የአከርካሪ ነቀርሳ ይሆናል ይላል፤ ይህ ሁለተኛው ዛሬ ለብዙ ወራት ሳያቋርጡ በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን ነው። እኔን ከደዌው ዓይነት ይልቅ የሚያስደንቀኝ በምኵራቡ ውስጥ የተደረገው ነገር ነው። ሴትዮዋ አድነኝ ብላ አልጮኸችም፤ እሱ ራሱ አይቶ ጠራት። ከሕማሟ መፈታቷን ሲነግራት ስለ ኃጢአቷ አንዲት ቃል አልጨመረም፤ እጁን ጫነባት፥ በዚያው ቀጥ ብላ ቆመች። አሁንም አንባቢ እንዲያስተውለው የምፈልገው፥ ስለ ትዕግሥቷም ምንም ያላት ነገር የለም። 18 ዓመት ምድር ምድሩን እያየች ለኖረች ሴት ሰባኪ ሁሉ የሚያዘጋጀው ውዳሴ ዝግጁ ነበር፤ ጌታ ግን ያን መንገድ ትቶ ሕማሟን እስራት ብሎ ጠራው፥ አሳሪውንም ሰይጣን አለው። የምኵራቡ አለቃ በሰንበት ስለ ፈወሳት በተቈጣ ጊዜም ቁጣውን ወደ ፈዋሹ ለማቅናት ስላልደፈረ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፥ ሥራ የሚሠራበት ስድስት ቀን አለና በዚያ መጥታችሁ ተፈወሱ ብሎ ገሠጻቸው፤ የተሰጠውም መልስ፥ በሰንበት በሬውንና አህያውን ከግርግም ፈትቶ ውኃ የማያጠጣ ከእናንተ ማን ነው፥ ይህችስ የአብርሃም ልጅ ከእስራቷ ልትፈታ አይገባምን የሚል ነበረ።

በፋርጣና በጉና ተራራ ሥር ያለ ገበሬ ይህን መልስ ለመረዳት አንድምታ አያስፈልገውም። በሰንበት፥ በወሩም በ12 ለሚካኤል፥ በ21 ለማርያም፥ በ29 ለበዓለ ወልድ፥ በሬ አይጠመድም፤ ሞፈሩ ከቀንበሩ ተፈትቶ ከግድግዳ ተደግፎ ይውላል፥ በሬዎቹም በመስኩ ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ። በዚያው ጧት ግን የቤቱ እመቤት ወይም ልጅቱ ወደ ምንጭ መውረዷ አይቀርም። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ እንስራ ከሆነ የሸክላው ክብደት ይጨመርበታል። ተንበርክካ ጀርባዋን ለእንስራው ትሰጣለች፥ ገመዱን በትከሻዋና በደረቷ አዙራ ትቋጥራለች፥ አንድ እጇን በጉልበቷ፥ አንድ እጇን በመሬት ተመርኩዛ ትነሣለች፤ ከዚያ በኋላ ዳገቱን የምትወጣው እንስራው በወገቧ ላይ ተቀምጦ ሳለ፥ እንዳይወርድባትም ጎንበስ እንዳለች ነው። በበዓል ቀን በሬው አረፈ፤ የአብርሃም ልጅ አላረፈችም። ይህን የምለው በዓል ይሻር ለማለት አይደለም፥ ይልቁንም በዓሉ እስከ ማድጋው ድረስ እንዲደርስ ነው፤ ባል ወይም ወንድም አንድ ቀን እንስራውን ቢያነሣ በሰንበት ሥራ ሠራ ብሎ የሚከሰው ካህን እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ፥ ቢኖርም መልሱ በሉቃስ ተጽፎለታል።

እስከዚህ የተናገርኩትን ሰምቶ፥ «እንግዲያስ ሕማም ሁሉ እስራት ብቻ ነው ልትል ነው ወይ? የቅዱሳንስ ድካም?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 32 እንደ ተጻፈው፥ ያዕቆብ በያቦቅ መሻገሪያ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አድሮ የጭኑ ሹልዳ ተነካ፥ ፀሐይም በወጣችበት ጊዜ በረከትንና አዲስ ስምን ይዞ፥ ነገር ግን እያነከሰ ሄደ። የእስራኤል ልጆች ስለዚህ ሹልዳ አይበሉም፤ በኢትዮጵያም ይህን ልማድ ይጠብቁ የነበሩ ወገኖች ነበሩ። ከኛ ቅዱሳንም አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሮ በቀረው እግር ሰባት ዓመት ሲጸልዩ እንደ ኖሩ ገድላቸው ይናገራል፥ ቤተ ክርስቲያንም ጥር 24 ቀን ስባረ አጽማቸውን ታከብራለች። በደብረ ታቦር ከተማ በማኅሌት ሌሊት ቆሞ የተመለከተ ሰው፥ ያረጀ መሪጌታ የመቋሚያውን ራስ ከብብቱ ሥር አድርጎ፥ ክብደቱን ከቀኝ ዳሌው ወደ ግራ ዳሌው፥ ከግራውም ወደ ቀኙ ቀስ እያለ ሲያዛውር፥ ሕመሙም ከንፈሩን ሲያስነክሰው፥ የዜማው ተራ በደረሰ ጊዜ ግን ድምፁን ሳይሰብር ሲቀበል አይቶ ይሆናል። ይህን ሰው ተቀመጥ ብሎ መከልከል ማዳን አይሆንም።

እስራትንና የቅዱሳንን ድካም የሚለያቸው ፈቃድ ነው። ያዕቆብ ካልባረክኸኝ አልለቅህም ያለው በገዛ አፉ ነው፥ ሊለቅም ይችል ነበር፤ ጻድቁ የቆሙት ማንም ቁሙ ብሎ አስገድዷቸው አይደለም፤ መሪጌታውም ቢደክመው ወደ ምንጣፉ ይሄዳል። የጎበጠችው ሴት ግን መታሰሯን ማንም አልጠየቃትም። ስለዚህ ትዕግሥት የምንለው ምግባር፥ የሚሸከመው ሰው ከራሱ መዝገብ አውጥቶ ለፈጣሪው የሚያቀርበው መሥዋዕት ሲሆን ክቡር ነው፤ ሸክሙን የጫነው ሰው ወይም ዳር ቆሞ የሚያየው ጎረቤት ይህን መሥዋዕት ከሌላው ሲጠይቅ ግን በሰው ከብት ተዝካር ማውጣት ይሆናል። ሽማግሌ ለምራቱ፥ ጌታ ለሎሌው፥ ካህን ለንስሐ ልጁ «ቻለው፥ ክብር ነው» ሲል፥ የሚቻለው ነገር ከእነሱ ትከሻ ወርዶ የሄደ መሆኑን አስቀድመው ቢመረምሩ መልካም ነው።

ወደ ጋፋት መድፍ ስመለስ ፍርዱ ቀላል አይሆንልኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ መንገዱ ሲሠራ በእጃቸው ድንጋይ ያነሡና ይፈነቅሉ እንደ ነበር በዘመኑ ያዩዋቸው አውሮፓውያን ጽፈዋል፤ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 23 የተወቀሱት፥ ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ የሚጭኑ፥ ራሳቸው ግን በጣታቸው ሊነኩት የማይወዱ ሰዎች ናቸውና፥ ንጉሡ ከእነዚያ ጋራ እንዲቈጠሩ አልፈቅድም። ጎንበስ ያለ ንጉሥ በዓለም ታሪክ ብዙ አይገኝም። ከጎታቾቹም መካከል ንጉሡን ወዶ፥ የአገሬ ኃይል ነው ብሎ በደስታ የጎተተ እንደሚኖር አያጠራጥርም፤ የዚያ ሰው ወገብ እንደ ያዕቆብ ሹልዳ ነው። ይሁን እንጂ የንጉሥ ፈቃድ የሚበቃው ለንጉሡ ወገብ ነው፤ እሳቸው ድንጋይ ማንሣታቸው ከቤቱ ተይዞ ለመጣው ገበሬ ፈቃድ ሊሆንለት አይችልም፥ መከራን አብሮ መቀበልም የተጫነውን መከራ ወደ ተወደደ መከራ አይለውጠውም። አገር ያለ ሸክም አይቀናም የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ፥ እውነታቸውንም ነው፤ ግን ያ መንገድ በጅዳ ገደል ላይ ሲያልቅ፥ ከንጉሡ በኋላ የተጠቀመበት ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ነበረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት መቅደላ ወደቀች፥ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ መድፉ እስከ ዛሬ በአምባው ላይ አለ። የጎታቾቹ ወገብ ወዴት እንደ ደረሰ፥ ስንቱ ተመልሶ እርፍ ለመያዝ እንደ ቻለ፥ የጻፈው የለም።

በእንፍራንዝ ኖረ የሚባለው ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ፥ ሐተታ የተባለው መጽሐፍ ደራሲ በእርግጥ እሱ ስለ መሆኑ ሊቃውንት ቢከራከሩም፥ ፈጣሪ ሥጋን መልካም አድርጎ ከፈጠረው በሰው ሥርዓት ማጐሳቈል አይገባም ወደሚለው አሳብ ሄዶ፥ ጾምን እንኳ የእግዚአብሔር ትእዛዝ አይደለም እስከ ማለት ደርሷል። እኔ እስከዚያ አልከተለውም፤ መከተልም አያስፈልገኝም፥ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በሩን አልዘጋችምና። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲደነግግ ለድውይ ያዝንለታል፤ በሰሙነ ሕማማት ኪርያላይሶን እየተባለ በሚሰገድበት ሰዓት ወገቡ የተጎዳ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ቢቆም፥ መቆም ቢያቅተው ተቀምጦ ቢጸልይ፥ የሚወቅሰው ቀኖና የለም። ዳዊት በመዝሙሩ በ37ኛው ወገቡ እንደ ታመመና እጅግ እንደ ጎበጠ ለፈጣሪው ሲያመለክት፥ ማመልከቱ ራሱ ጸሎት ሆኖ ተቈጥሮለታል። የሚያሳዝነው፥ ይህን ፈቃድ የሚያውቀው ካህኑ ሲሆን የሚያስፈልገው ደግሞ ምእመኑ መሆኑ፥ ሁለቱም ስለማይነጋገሩበት አሮጊቷ ከስግደት በኋላ ሦስት ቀን ከመኝታዋ ሳትነሣ መሰንበቷ ነው። የንስሐ አባት በጾሙ መግቢያ ቤት ለቤት ሲዞር «ወገብሽ እንዴት ነው? አንቺ ቆመሽ ጸልዪ፥ አትስገጂ» ቢላት፥ የምትሰማው ከሐኪሙ ይልቅ እሱን ነው።

ከጠበልና ከሐኪም አንዱን ምረጡ የሚባለው ክርክርም ለኔ ከንቱ ነው፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ቢውጥ ጠበሉ አይቀየምም፥ ይልቁንም የአከርካሪ ነቀርሳ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ቢያቋርጥ በሽታው ተመልሶ ሊጸናበት ይችላል። ወጌሻም ቢሆን የወለቀ ክንድ በመመለስ ብዙ ሰው የረዳ ባለ እጅ መሆኑን አልክድም፤ ከዛፍ ወይም ከገደል የወደቀን ሰው ወገብ ግን ይስበው፥ ይጠምዝዘው ዘንድ ሊፈቀድለት አይገባም። በሽተኛው እግሩ ከደከመ፥ በጭኖቹ መካከል ያለው ሥጋ ከደነዘዘ፥ ሽንቱ ወይም ሰገራው ከታገደበት ወይም ሳያውቀው ካመለጠው፥ ጧት እናያለን ሳይባል በዚያው ሌሊት ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ የተጨመቀው ነርቭ በሰዓታት ውስጥ ካልተረዳ ጉዳቱ ሳይመለስ ሊቀር ይችላልና። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሰዉ በሽተኛውን በቃሬዛ አጋድሞ፥ አራት አራት እየሆነ፥ ትከሻ እየተቀያየረ ዳገቱን ያወጣዋል፤ ማንም ሳያስገድደው ተነሥቶ የሚሸከመው ሸክም ይህ ነው፥ በማርቆስ ወንጌል ሽባውን በጣሪያ ያወረዱትም አራት ነበሩ። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ሲያነሡት ግን እጅና እግሩን ይዞ ማንጠልጠል አይገባም፤ ራሱን፥ ትከሻውን፥ ዳሌውንና እግሩን አራት ሰው በአንድ ጊዜ፥ በአንድ ድምፅ፥ ሳያጣምም ያንሣው፥ ቃሬዛውም መሐሉ የሚረግብ ጨርቅ ከሚሆን በላዩ ሳንቃ ይነጠፍበት፥ ሳንቃ ቢጠፋ የቤቱ በር ተነቅሎ ይምጣ።